ሁለት ሴንቲ

ጥቅምት 3
ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። ማሽኑ ክር እየበጠሰ ሲያቃጥለኝ ዋለ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ለልጇ ምርቃት የሰፋሁላትን ቀሚስ ለክታ ወሰደች። ደረቷ ላይ ያዝ አድርጓታል። «ይለቅልሻል» አልኳት። ውሸቴን ነው። ጨርቁ ቢያጥረኝ ሁለት ሴንቲ አሳንሼ ቆርጬዋለሁ... ለእህት እንዲህ ይሠራል?

ጥር 19
የእታለም የምርመራ ውጤት መጣ። የጡት ካንሰር። ግራው። እጄን ይዛ እኔን ታጽናናለች።

ጥር 21
ሱቄ የገባ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ «ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ እየወሸቀች ነው» አለች። አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ «ልጇን ቶሎ ጡት አስጥላ ነው»። እኔ የማውቀውን ግን አያውቁም። ያ ቀሚስ... ስንት ቀን ደረቷን ጨምቆ ዋለ? 

የካቲት 2
ሐኪሟን ለብቻዋ አግኝቼ ተናዘዝኩ። አልሳቀችብኝም፤ እግዜር ይስጣት። «ቀሚስም ስልክም ካንሰር አያመጣም። ዕድሜ፣ ዘር፣ መጠጥ፣ ውፍረት አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። ግን ከዕድሜዋ በቀር ምንም የሌለባትም ትታመማለች። ጥፋተኛ አይፈልጉ» አለችኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ፤ በቤተሰብ ሌላ የታመመ አለ? የእናቴ እህት ትዝ አለችኝ። «በደረት ሕመም ሞተች» ነበር የሚባለው። ታዲያ ጡቷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ የምትደብቀው ምን ነበር?
ይህንኑ ስነግራት «እንግዲያው እርስዎም ይመርመሩ» አለችኝ።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። አልሄድም። ፈርቻለሁ።

መጋቢት 11
እታለም ጡቷ ተቆርጦ ቤቷ ተኝታለች። ስለ ሁለቱ ሴንቲ ነገርኳት። ቁስሏን ደግፋ ሳቀች።
«አንቺ ሞኝ፣ በማግስቱ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ሰጥቼ ከጎኑ ጨርቅ አስቀጠልኩበት። ቅር እንዳይልሽ ነው ዝም ያልኩት።»
ለካ ለዚህ ነው በምርቃቱ ቀን ሻርፗን አላወልቅ ያለችው። ደግሞ ለእሱ? እጅጌ መግጠም ለማይችለው? ተናደድኩ... ወዲያው አለቀስኩ።
«አንቺስ ተመረመርሽ?» አለች። ትራሷን ማስተካከል ጀመርኩ። «ቁስሌ ይሻር፣ እኔው እወስድሻለሁ።»

ሚያዝያ 24
ምርመራ ክፍል ገባሁ። ስወጣ እታለም ቦርሳዬን ታቅፋ በሩ ሥር ቆማለች። ምንም አልተገኘብኝም። በየዓመቱ ግን እመለሳለሁ።

ሱቅ ስንደርስ ያንን ቀሚስ ከፌስታል አወጣች። «በግራ በኩል አጥብቢልኝ» አለች። ሜትሩን አዞርኩባት። ጠፍጣፋው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።
«ለኪ እንጂ።»
ለካሁ። ልኳን ጻፍኩ፤ አንዲት ሴንቲ አላጎደልኩም።