ማተሚያ ቤት የፋቃትን ነርቭ በየግድግዳው ሲመልሱ የኖሩት የእትዬ ብዕር የሕይወት ታሪክ

እትዬ ብዕር ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ተማሪዎች ያወጡላቸው ቅጽል ከመዝገብ ስማቸው በልጦ ስለቀረ፣ ይህ ጽሑፍም በዚያው ይጠራቸዋል። በ1968 ዓ.ም. ከሥዕል ትምህርት ቤት ተመርቀው በሕክምና ኮሌጅ የአናቶሚ ክፍል በሠዓሊነት ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከሥራቸው ሁሉ ትልቁ የታችኛው ጀርባ ነርቮች ሥዕል ነው። እነዚህ ነርቮች ከአከርካሪ አጥንት ወጥተው፣ በወገብ ግራና ቀኝ ባለው ወፍራም ጡንቻ ውስጥ ተጠላልፈው ወደ ሆድ ታችና ወደ እግር ይበተናሉ። የአስከሬን ክፍሉ ባለሙያ ጡንቻውን በመቆንጠጫ ክር በክር እያነሱላቸው፣ እትዬ ብዕር አጠገባቸው ቆመው አሥራ አራት ወር ሣሉት። በጣም ያስቸገረቻቸው ጡንቻውን በፊት ለፊቱ በስታ ወጥታ በላዩ ላይ ወደ ብሽሽት የምትወርደው ቀጭን ነርቭ ነበረች። ለእሷ ብቻ ሦስት ብሩሽ ቀያይረዋል።

ሥዕሉ በ1983 ዓ.ም. በአራት መቶ ቅጂ ታትሞ በየሆስፒታሉና በየነርስ ትምህርት ቤቱ ተሰቀለ። ያቺ ነርቭ ግን የለችም። እትዬ ብዕር በድንጋጤ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ቢሄዱ፣ የሥዕሉን ማተሚያ ፊልም የሚያጸዳው ሠራተኛ፦

«ፀጉር የወደቀበት መስሎኝ ነው የፋቅኩት። ደግሞ ስንት ቀን የለፋሁበት መሰለዎት» አላቸው።

ኮሌጁ ሥዕሉን እንደገና የሚያሳትም ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ አይኖርም፤ ሊቀመንበሩ ሲገኝ ቃለ ጉባዔው አይገኝም። እትዬ ብዕር ደብዳቤ ጻፉ፣ ደጅ ጠኑ። ከዚያ ሥዕል የተማረ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነርቯን ሳያውቃት ቢቆርጣት፣ ታማሚው ብሽሽቱና ጭኑ ደንዝዞ ይቀራል ብለው ቢለምኑም፣ «ለአንዲት ክር ይህን ያህል?» ከመባል በቀር ሰሚ አላገኙም። ስለዚህ በዓመት ፈቃዳቸው ነርቭ የሚሣልበትን ቢጫ ቀለም ይዘው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ወንበር ላይ እየቆሙ ነርቯን በየሥዕሉ በእጃቸው መለሷት። አንድ ሆስፒታል ውስጥ የጥበቃ ሠራተኞች ንብረት ያበላሻሉ ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስወጥተዋቸዋል። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ አላቆሙም፤ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ ቅጂ አርመዋል።

በ2012 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ በሄዱበት ትምህርት ቤት ብሩሹን ይዘው ግማሽ ሰዓት ከሥዕሉ ፊት ቆሙና ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «እዚህ ጋ አንድ ነርቭ አለች። እኔ መሣል አቅቶኛል፤ እናንተ ግን አደራ፣ እንዳትቆርጧት» አሉ። ቤታቸው ገብተው አለቀሱ።

እጃቸውን ያንቀጠቀጠው ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ኮሚቴው በማግስቱ የኀዘን መግለጫ ልኳል፤ አንድ ደብዳቤ በአንድ ቀን ፈርሞ ማውጣት እንደሚችል ያወቅነው ገና ዛሬ ነው። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ቀርተዋል።

ያልታረሙ ሠላሳ ዘጠኝ ሥዕሎችም ቀርተዋል። የት እንደተሰቀሉ የምታውቁ፣ ከዚህ ቀብር ስትወጡ ለወንድማቸው ንገሩት፤ እጁ እንደ እሳቸው ባይሆንም አይንቀጠቀጥም። ለእትዬ ብዕር ግን ድካሙ እዚህ ይብቃ፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ።