ከመሰረዝሽ በፊት ጥሪኝ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት መምህሬ «እንዳንተ ቶሎ ፊደል የያዘ ጎልማሳ አላየሁም» ብለውኛል። ባይሉኝም ፊታቸው ላይ አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ እኮ ችያለሁ!

ለሥራ ወደ ሆስፒታላችሁ ቅርንጫፍ ከሄድሽ ወዲህ ጎማ ስለጥፍ እንኳ ጆሮዬ ላይ ያለው ለእረፍት ቤት ስትመጪ የሰማሁት ያ ስልክ ነው። ከባልደረባሽ ከባለሻርፑ ጋር የምታወሩት። «ልሰርዝ?» ትይዋለሽ። «ሰርዢ» ይልሻል። ለእኔ «ሻይ ላፍላ?» ስትይ እንዲያ ለስለስ ብለሽ አታውቂም። እሱ እዚህ ዋናው ቢሮ፣ አንቺ እዚያ፤ መስመሩ ግን የእናንተ ነው።

ሥራሽን አስረድተሽኛል። የታካሚ መዝገብ ሲደጋገም ትርፉን ትሰርዣለሽ። ኤፒአይ የምትዪው መዝገብ ቤት ሳይገቡ ትእዛዝ የሚያቀብሉበት መስኮት ነው፤ በመስኮቱ የምታናግሪውም አር በሚባል፣ በፈረንጅ አንዲት ፊደል ብቻ በሆነ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። እኔ ከሀ እስከ ፐ ስለቅም ከርሜ እናንተ በአንድ ፊደል ትግባባላችሁ! በዚህ የማይቀና ምን ዓይነት ባል ነው?

ባለፈው «ያን ሰውዬ ሰርዢልኝ» ስልሽ ሳቅሽብኝ።

«እኛ ሳናይ አንሰርዝም» አልሽኝ። «መጀመሪያ መዝገቡን ጠርተህ ታየዋለህ። ቅጂ ታስቀምጣለህ። ሌላ ሰው ያነብልሃል። የተሰረዘ ያለ ቅጂ አይመለስም።»

እሺ ብዬ ላየው ሄድኩ። ሽማግሌ በሆነ ብዬ ስጸልይ መልከ መልካም ሆኖ ቁጭ! ሻርፑ ሳይቀር ያምርበታል፣ ምን አባቱ።

«ጎሚስታው አንተ ነህ?» አለኝ።

«በከተማው አንደኛው።»

«እንዴት እንደጠላሁህ ብታውቅ!»

ክው አልኩ። «ምን በደልኩህ ወንድሜ?»

«ሁለት የሕፃን መዝገብ፣ የአባት ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ። ‹ድግግሞሽ ነው፣ ሰርዢ› አልኳት። ‹ቆይ፣ ስማቸውን ፊደል በፊደል አንብብልኝ› አለች። ለካ መንታ ናቸው! የአንዱ የክትባት መዝገብ ሊጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ‹እንደ ባሌ አንብብ፤ በጣቱ እየጠቆመ አንዲት ፊደል አይዘልም› እያለች ታሰቃየኛለች።»

አይተሽኛል ማለት ነው? እኔ እኮ ከበሩ ኋላ ተደብቄ ነበር የማጠናው!

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሻይ ጋበዝኩት። ቅናቴ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ላንብብልሽ እንዳልል የታካሚ ስም ለባዳ አይሰጥም፤ አውቃለሁ፣ እሱ ያንብብልሽ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ግን ለእኔ ደውይና በዚያው በለሰለሰው ድምፅ «ሻይ ላፍላ?» በይኝ። ከዚያ ሆነሽም ቢሆን። እኔ «አፍዪ» እልሻለሁ።

ምናልባት እኔን ለመሰረዝ ካሰብሽ ደግሞ፣ እንደ ደንብሽ መጀመሪያ ጠርተሽ እዪኝ። ቅጂ የለኝም።

በጣቱ የሚያነበው ባልሽ