ከልጄ ደጅ አርቅልኝ

ጥቅምት 28

ቋንጣው ደርሷታል። ገሊላ እየሳቀች ደወለች። "ማሚ፣ አላስካ እንዲህ ያለ ነገር ሸትቶ አያውቅም!" ቤቷ ጠባብ ነው። ሽታው እምሠራበት ክሊኒክ ድረስ ልብሴ ላይ ይከተለኛል ብላ በረንዳው ላይ ሰቅላዋለች። ጎሽ አልኳት። ቋንጣ ነፋስ ይወዳል።

እዚህ ፌርፋክስ በአጭር እጅጌ እንሄዳለን፣ እሷ ዘንድ በረዶው ጉልበት ያልፋል። የምሠራበት ሱቅ አዲስ በርበሬ ገብቷል። እስካሁን ያስነጥሰኛል።

ኅዳር 6

ፎቶ ላከችልኝ። በረዶው ላይ ቁጭ ያለች የዱር ድመት... ድመት ከተባለች! መዳፏ የሰው እጅ ያህላል። ሊንክስ ናት አለችኝ፣ ግልገልም አላት። ከጫካ ወጥታ አንድ ዘለላ ቋንጣ ይዛ ሄደች።

"ቆንጆ አይደለችም?"

ምኗ ነው ቆንጆ? የምታየው በሩን ነው።

ኅዳር 17

ለምኛት ቋንጣውን አስገባችው። አውሬዋ ግን መምጣቷን አልተወችም። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ተኝታ አገኘቻት። "ሰው አትነካም ማሚ። ሪላክስ አድርጊ።"

እንዴት አድርጌ? ሥጋውን የላክሁት እኔ...

ኅዳር 19

ተሳልኩ። ገብርኤል ሆይ፣ ያችን አውሬ ከልጄ ደጅ አርቅልኝ፣ ለታኅሣሥ ጃንጥላ አስገባለሁ። ለሱቁ ባለቤት ለእትዬ እታገኝ ነገርኳቸው። "ስለት ሰሚ ነው፤ ብቻ የምትለምኚውን ዕወቂ" አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?

ታኅሣሥ 4

ገሊላ እያለቀሰች ደወለች። ወጥመድ የሚያጠምድ ጎረቤት አላት። አውሬዋ ከግልገሏ ጋር ሄዳ የሱ በረንዳ ላይ ቁጭ አለች። በሩን ሲከፍት እንኳ አልሸሸችም... ተኩሶ ገደላት።

"ፉድ የሚሰጣት መስሏት ነው ማሚ። እኔ ነኝ ያስለመድኳት።"

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ስለቱን አልነገርኳትም። አይዞሽ ብቻ አልኩ።

ታኅሣሥ 19

ጃንጥላውን አስገባሁ። ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ እታገኝ እጄን ይዘው "ሰመረልሽ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ምን ልበል?

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ገሊላ ቪዲዮ ልካለች። ግልገሏ ብቻዋን መጥታ በሯን ትቧጥጣለች። ድምፅዋ የሕፃን ልቅሶ ነው። "ምን ላድርግ ማሚ?" ትላለች። ብታበላት ያ ሰውዬ አለ። ባታበላት ደግሞ ብርዱ... ከናቷ ገና አደን አልተማረችም።

ለግልገሏ ልሳልላት አሰብኩና ፈራሁ።