አባታችን ከበሬው ጋር

ለወንድሜ ለቢየል፦ አንተም ልጆችህም በያላችሁበት ሰላም ናችሁ? እኔና ላሞቹ ደህና ነን። እዚህ ናስር ወንዙ ሞልቷል።

ሳንወለድ አንድ ተመራማሪ ፈረንጅ መንደራችን መጥቶ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች እንግዶች ይዘው መጥተው የሰዎቹን ስም ጠየቁኝ። ጎረቤቴ ኛሪየክ ሣቀችብኝ።

«እማማ ኛኮር፣ ገልብጠሽ እኮ ነው የያዝሽው።»

«አንቺ አዙሪውና የምታዪውን ንገሪኝ» አልኳት።

«አንድ ጎረምሳ በሬ ይዟል። የበሬው ግራ ቀንድ ወደ ዓይኑ ተቆልምሟል፤ ቀኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

በመንደራችን የበሬውን ቀንድ እንዲህ አድርጎ ያሳደገ አባታችን ብቻ ነበር። ስሙን አስጻፍኩ። ይስቅ እንደሆነም ጠየቅኋት።

«ይስቃል» አለችኝ።

እንግዶቹ እስኪሄዱ ፎቶግራፉን ከእጄ አላወጣሁትም።

ባለፈው ደብዳቤህ የእጅ ጽሑፍህ በጣም ቀጥኗል፤ ፀሐይ ላይ ይዤውም ፊደሉ አልለይ አለኝ፤ መምህራችን ቢያዩት ይገርፉህ ነበር። ከብትህ ይርባ፣ ደጅህ ሰላም ይሁን፤ ለመልሱ ወፍራም ብዕር ግዛ።

እኅትህ ኛኮር