ባዶ እጄን ወደ ሌቩካ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

የጎደሬውን ማሳ አረምኩ። ጉልበቴ ያው ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን የምትጽፈው ልጄ ኡናይሲ ናት። አስተማሪ ስለሆነች ማሳመር ትወዳለች። አታሳምሪ ብያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባሕር ማዶ ካለችው ከሌቩካ ተደወለ። እህቴ ቫሲቲ ሳምባዋ ደክሟል፣ ሊያያት ከፈለገ አሁን ይምጣ አሉ... እሷ ናት ያስጠራችኝ ወይስ ልጇ? አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ሻንጣ። ኡናይሲ ሹራብ ትከታለች፣ እኔ አወጣለሁ። ወደ ባሕር ለሚወርድ ሰው ሹራብ ምን ያደርግለታል? አንድ ጆንያ ጎደሬ። ምንጣፍ። ከገዛ ማሳዬ የነቀልኩት የያንጎና ሥር፣ ተወቅጦ የሚጠጣው። እሱን ሳይዝ ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ የለም፤ ጆንያ ጎደሬ ቢሸከምም ባዶ እጁን ነው።

«የዓሣ ነባሪ ጥርስስ፣ አባዬ? ይቅርታ ያለ ጥርስ ይጠየቃል?»

ይቅርታ ማን አለሽ አልኳት። ይህንንም ጻፊ አልኳት።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ቫሲቲ ሳትነግረኝ ከቶማሲ ጋር ጠፋች። ዘመዶቹ ጥርስ ይዘው ለይቅርታ መጡ። ጥርሱን የተቀበለ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ሳልነካው ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ቶማሲ ሲሞትም አልቀበርኩም... በሯን ብትዘጋብኝስ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ከጭነት መኪና ወደ አውቶቡስ። ዋና ከተማው ሱቫ ገባን። ሥሩን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሙሉ ስዳብሰው ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

መርከብ። ከእግሬ ሥር የሚነቃነቅ ነገር አልወድም። አጠገቤ የተቀመጠው ወፍራም ሰው፣ ኢሶአ ይባላል፣ አገርህ የት ነው አለኝ። ኡናይሲ ቆነጠጠችኝ። አገሬን የምደብቅ ሰው ነኝ እንዴ? ተናገርኩ። ፊቱ በራ። የእሱና የእኔ አገር ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲገናኙ መሰዳደብም፣ የሌላውን ዕቃ ሳይጠይቁ መውሰድም መብታቸው ነው። የተቆጣ ይዋረዳል።

«አንተ የተራራ ሰው፣ ባሕር ስታይ ፊትህ የበሰበሰ ጎደሬ መሰለ» አለኝና ሥሩን ከጭኔ ላይ አነሳው።

ለታመመች እህቴ ነው ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ሙቀጫ ተገኘ፣ ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ። ለእኔም ደረሰኝ። የገዛ ሥሬን እንደ ወጉ አጨብጭቤ ጠጣሁ።

«ከመትከል ሌላማ ምን ታውቃላችሁ» አለ ኢሶአ፣ አፉን እየጠረገ።

ሌቩካ ስንደርስ ኡናይሲ ገበያ ሳይዘጋ ሥር እንግዛ አለች። የማላውቀው ሰው የተከለውን ይዤ እህቴ ፊት? አይሆንም አልኩ። የቤተ ክርስቲያን እንግዳ ማረፊያ ገባን።

እሑድ፣ ሐምሌ 10

በጠዋት ተነሥቼ እንግዛ አልኳት። እሑድ ነው። ባሕሩን ይዛ በምትሄደው መንገድ ሁለቴ ተመላለስን፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ። ከዚያ ወደ ቫሲቲ ቤት የሚያወጣው ደረጃ። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ሰማይ ላይ ነው የሰቀሉት። አራት ጊዜ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ አይደለም። ኡናይሲ፣ ደክሞት ነው ብለሽ እንዳትጽፊ።

ቫሲቲ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታለች። በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ መልእክት በሰው ነው። በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ቦታ አስቀምጦኝ አያውቅም፤ ራሴ ተቀመጥኩ።

«ባዶ እጁን መጥቷል በያት» አልኩ።

ኡናይሲ ገባች። ቆየች... በጣም ቆየች። ስትወጣ ከዛፍ ቅርፊት በተሠራ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጥርሱ ነው። ያ ጥርስ። ዘይት ሲቀባ ኖሮ ቀይ ዳማ ሆኗል።

«አልጣልኩትም፣ አሁን ይቀበለው ትላለች።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። የመቀበያውን ቃል የረሳሁት መስሎኝ ነበር። አልረሳሁትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 14

ዛሬ ነበር የምንመለሰው። ልብሱን ከሻንጣው አውጪው አልኳት። ደብቃ የከተተችውን ሹራብም፤ እዚህ ከፍታ ላይ ነፋስ አለ።

ሳሏ አልቀነሰም። ከመጋረጃው ወዲያ ስትስል፣ እኔ ከወዲህ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ቆይታ ደግሞ ትስላለች። ይህ መነጋገር አይደለም። ሕጉን አልጣስኩም።