ቀዳዳ የሌለበት እንክብል ላዘዙልን ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ኃይለማርያም
የንብረት ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

ክቡርነትዎ ከመላው ኮሚቴዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከሥራ ካገዱኝ ወዲህ ዕረፍቱም ተስማምቶኛል። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ በመዝገብ ቤት በኩል ሲጓዝ እንዳይጠፋብኝ ሰግቼ ነው።

1. ስምንት ወር ለፍቼ የሠራኋቸውን ጥቃቅን የፖሊመር እንክብሎች በማይክሮስኮፕ በገዛ ዓይንዎ ስለመረመሩልኝ አመሰግናለሁ። የቡናን ሙጫ የሚያላቅቀው ኢንዛይም በየእጥበቱ ከውሃው ጋር እንዳይሄድብን እንክብሎቹ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀመጫው ደግሞ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ይህንን ሦስት ጊዜ በቃል፣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስረዳሁ። እርስዎ ግን በቃለ ጉባኤው «ዕቃው በሙሉ የተበሳሳ ስለሆነ አንረከብም» ብለው አሰፈሩ።

2. ብልሹ ዕቃ አምርተሻል ተብሎ ስለተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እጅ እነሣለሁ። ወሬው የትውልድ መንደሬ ኡኬ ድረስ ሄዶ አባቴ በእርጅናቸው «ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» እያሉ ሰው ፊት ተሳቀዋል። ይህችን አልረሳትም፤ አልተውኩልዎትምም።

3. «ቀዳዳ የሌለበት ተሠርቶ ይቅረብ» ብለው በፊርማና በማኅተም ስላዘዙኝ ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ቀዳዳ የሚያወጣውን ፈሳሽ ሳልጨምር ልሙጥ አድርጌ ሠርቼ አስረከብኩ። በማግስቱ እኔን አገዱና በርክክብ ሰነዱ «የፈጠራው ባለቤት» በሚለው ቦታ ላይ የራስዎን ስም አስገቡ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በእነዚያው ልሙጥ እንክብሎች በእንግዶች ፊት ቡና እንደሚያጥቡ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው እጥበት ያምርልዎታል። ኢንዛይሙ የተለጠፈው ላይ ላዩን ስለሆነ ከዚያው ውሃ ጋር ተጠራርጎ ይወጣል፤ ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም። ላስጠነቅቅዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያ የመስጠት ሥልጣን የእርስዎ ብቻ መሆኑን አስታውሼ ተውኩት።

የታዘዘችውን ሳታጓድል የፈጸመች፣ በብልሹ ሥራዋም የምትኮራ ታዛዥዎ፣
ሩክያ ሃሩን
የታገደች የላቦራቶሪ ባለሙያ

ሳልረሳው፦ የተበሳሱት እንክብሎች «ይወገዱ» ብለው ስለፈረሙ፣ ከቆሻሻው አንስቼ ከነቃለ ጉባኤው ግልባጭ ለዲጋ ቡና ማጠቢያ ሰጥቻቸዋለሁ። ኃላፊው ኦቦ ጃራ ትናንት በእነዚያው እንክብሎች ሠላሳ አንደኛውን እጥበት ጨርሰዋል። እንግዶችዎ ከሁለተኛው እጥበትዎ በኋላ ወደዚያ እንዲመጡ ጋብዘዋቸው፣ እነሱም እሺ ብለዋል። እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ማይክሮስኮፕዎን ግን አይርሱ።