ያላየሁት የመጨረሻ ዙር

ይድረስ ደባርቅ ላለችው፣ በእናቴ እግር ለተተካችልኝ እኅቴ ለእታለም ስንዱ።

እታለም፣ የትንሣኤው ጌታ ሰላሙን ከበርሽ እስከ ጓዳሽ ያሳድርልሽ። እንዴት ከርመሻል? ዳገት ስወጣ ያፍነኛል ያልሽው ትንፋሽ ተሻለሽ ወይስ እንዳለ ነው? ጉልበትሽስ? ብርዱ እንደ አምናው ጠንክሮባችሁ ይሆን? አያ ተድላ ዓይኑን ታከመ? ጋሻው ትምህርቱን በርትቶ ይዟል? እኔ ስለ ሥጋዬ ከጠየቅሽኝ ለክፉ አልሰጠኝም፤ ወገቤን አልፎ አልፎ ከሚይዘኝ በቀር ዛሬም ድንጋይ አንስቼ ግንብ እሠራለሁ። ስለ ነፍሴ ከጠየቅሽኝ ግን ይህን ደብዳቤ መጻፌ ለዚያ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ጥግ ላይ ጋሻው በራሱ እጅ፣ አጎቴ፣ በራዲዮ ሲጮኽ የምንሰማው ስታዲየም ምን ዓይነት ቦታ ነው ብሎ ጠይቆኛል። ከወር በፊት ቢሆን አላውቀውም እል ነበር። አስመራ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር በግንቡ ሥር ስንቴ አልፌ ወደ ውስጥ አንድ ቀን አልገባሁም። አሁን ገብቻለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁሉን በተራው ልንገራችሁ። አንተ ጋሻው፣ ለእናትህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት፤ አጎትህን የሚያሳፍረው ቦታ ስትደርስም እንዳትዘል።

እታለም፣ እስካሁን የደበቅኩሽ ነገር አለ። ባለቤቴ ለተሰንበት፣ ነፍሷን በደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልኝና፣ በጥቅምት እንዳረፈች ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጃችን ስለ ንዋይ ስትጠይቂኝ ደኅና ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ግማሽ እውነት ነው። ልጁ ደኅና ነበር፤ ከእኔ ጋር ግን አልነበረም። የእናቱ አርባ በወጣ በሳምንቱ እሑድ ብስክሌቱን ይዞ ለውድድር ሲወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። የእናትህ አፈር ሳይደርቅ ለጨዋታ ትሮጣለህ፣ እንግዲህ እኔ ልጅ አልወለድኩም አልኩት። እሱም፣ ኣቦ (በእናቱ ቋንቋ አባባ ማለቱ ነው)፣ ሂድ ያለችኝ እሷ ናት አለኝ። አላመንኩትም። ማታውን ልብሱን ጠቅልሎ መደበር ሄደ፤ መደበር ማለት አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው አዲስ ዕቃ የሚያወጡበት የአንጥረኞች ሰፈር ነው፤ እሱም የሚሠራው እዚያ፣ አስገዶም በሚባል ሰው የብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቴን አልረገጠም።

ለተሰንበት በሕይወት ሳለች፣ አንድ እሑድ እንኳ ሄደህ እየው፣ ልጅህ እኮ ነው ትለኝ ነበር። እኔም ይህ የያዝኩት ግንብ ይለቅ እላት ነበር። ስንት ግንብ አለቀ፤ እኔ ግን አልሄድኩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ ሃብተማርያም መጣ። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ ያለ ስታዲየም እሑድ የሚባል ቀን መኖሩን አያውቅም። ልጅህ በግንቦት ስድስት ይወዳደራል፣ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም አለኝ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሙት ዓመቷ አልደረሰም አልኩት። እሱም፣ በል ንገረኝ በለጠ፣ አንተ የምትኖረው ከሞተችው ጋር ነው ወይስ ካለው ልጅ ጋር አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል እንደ እሾህ ሲወጋኝ አደረ።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ቤት ሳልገባ፣ ከጥቁሩ ኮቴ በላይ ነጠላዬን እንደለበስኩ ከሃብተማርያም ጋር ሄድኩ። ጋሻው፣ ስታዲየም ማለት እንዲህ ነው። የጥምቀት ሜዳችሁን አስብ፤ ዙሪያውን በደረጃ ክበበው፤ ሕዝቡን ሁሉ በደረጃው ላይ ደርድረህ ፊቱን ወደ መሐል አዙረው። ማንም ማንንም አይጋርድም። እኔ በግንበኛ ዓይን መጀመሪያ ያየሁት ደረጃውን ነው፤ የሠራው ሰው ውሃ ልኩን ያልሳተ፣ እጁ የተባረከ ነው። መሐሉ የኳስ ሜዳ ነው፤ ሣሩ እንደ ሽማግሌ ራስ አልፎ አልፎ ተመልጧል። በዙሪያው ሯጮችና ብስክሌተኞች የሚዞሩበት መንገድ አለ። በአንደኛው ጫፍ አሸዋ ውስጥ ይዘላሉ፣ ብረትም ይወረውራሉ። ለንጉሠ ነገሥቱ ልደት ተማሪው በሰልፍ የሚያልፈውም፣ የጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ የሚነፋውም እዚሁ ነው። ሃብተማርያም ይህን ሁሉ ልክ የገዳም መጋቢ እንግዳ እንደሚያስጎበኝ በጣቱ እያመለከተ አሳየኝ። ጥላ ያለበት ወገን ለሹማምንትና ለቀሩት የጣልያን ሽማግሌዎች ነው፤ እኛ ፀሐዩ ላይ ወጣን፤ የሚጮኸውና የሚሳደበው ሕዝብ ከፀሐዩ ወገን ነው አለኝ።

እውነቱን ነበር። ብስክሌተኞቹ በጠዋት ተነስተው በዓዲ ኣበይቶ በኩል ገጠር ለገጠር ዞረው ሲመለሱ አምስት ዙር በስታዲየሙ ውስጥ ሮጠው ይጨርሳሉ። እስኪመጡ ድረስ ኳስ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ኦቾሎኒ ሻጭ በረኛውን፣ አንተ ልጅ፣ ፋሲካ እኮ አለፈ፣ ኳስ አልነካም ብለህ የምትጾመው እስከ መቼ ነው ስትለው ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከጥቅምት ወዲህ ድምፄ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ወዲያው ደነገጥኩና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ከዚያ በድምፅ ማጉያው መጡ ተባለ። በበሩ እንደ ጎርፍ ገቡ። ከፊት ውሃ ሰማያዊ ማልያ የለበሰ፣ አንገቱን ሰበር ያደረገ ልጅ ነበር። ያ አንገት የእናቱ ነው፤ ከሺህ ሰው መሐል አልስተውም። ንዋይ ይመራል! ሃብተማርያም እኔን ትቶ እየዘለለ ወደ ታች ወደ አጥሩ ወረደ፤ ሰዉም ተከተለው። ዙሩ እየቀነሰ ሄደ፤ ልጄ አሁንም ከፊት ነው። ያኔ ከመስመሩ አጠገብ በእንጨት ላይ የተሰቀለ ደወል ተደወለ።

እታለም፣ ልማድ ከሰው ይቀድማል። ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴ መሐል ደወል ሲሰማ ምን እንደሚደረግ አንቺው አስተምረሽኛል። ተነሥቼ ቆምኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ በጣቴ አንጓ እየቆጠርኩ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። የት እንዳለሁ የማውቅ አይመስለኝም። አሥራ ሁለተኛዋን ስጨርስ ጩኸቱ ጆሮዬን ደፈነው። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለኝ። ከታች በአቧራው ውስጥ ውሃ ሰማያዊ ማልያ የለበሰ ልጅ በሰው ትከሻ ላይ ተነሥቷል። ለካ ያ ደወል አንድ ዙር ቀረ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ ማለት ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ፣ በሕዝቡ መሐል ስጋፋ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ንዋይን ያገኘሁት በግንቡ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነው። ከትከሻ አውርደውት የሚያርፍ መሰለኝ። አቅፌ ሳምኩትና፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ፣ አንደኛ ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁህ አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ኣቦ፣ ስድስት ወር ጠብቀህ የመጣኸው ልትስቅብኝ ነው አለና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። ሃብተማርያም ደርሶ ምን አልከው አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ያዘ። የልጁ ሰንሰለት በመጨረሻው ዙር ተበጥሶ፣ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ መጨረሱን፣ ከሁሉም ኋላ መድረሱን፣ ያሸነፈው ያው ማልያው አንድ የሆነ የቡድን ጓደኛው ግርማይ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው።

ሳምንቱን እህል አልጣመኝም። ስህተት ነው፣ አላወቅኩም፣ አስቤ አልበደልኩም እያልኩ ራሴን አባበልኩት። አልቀበል አለኝ። አንደኛ ወጣ ማለቴ ስህተት ነው፤ አየሁህ ማለቴ ግን ውሸት ነው። ቆይቼ ደግሞ ሌላም ገባኝ፤ ከዚያች ዙር በፊት የነበሩትን ዓመታትስ መቼ አየሁት? ዓይኔን መጨፈን የጀመርኩት በደወሉ ነው ወይ? ረቡዕ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩና ስግደት ይዘዙልኝ አልኳቸው። አባም ፈገግ ብለው፣ በሃምሳው ቀን ስግደት እንደሌለ እያወቅህ ነው የምትለምነኝ አሉ። ከዚያም፣ ለእኔ የነገርከኝን ሂድና ለዋሸኸው ሰው ንገረው፤ ካለዚያ ሌላ ንስሐ የለህም አሉኝ።

ዓርብ መደበር ወረድኩ። መዶሻው፣ ሞረዱ፣ የቆርቆሮው ጩኸት ሰው አያሰማም። ንዋይ ጎማ ገልብጦ ሽቦውን ያቃናል፤ አየኝ፣ ቀና አላለም። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ጫጫታው ስለማያሰማ ኃጢአቴን እየጮኽኩ ተናገርኩ። አላየሁህም፣ ደወሉ ሲደወል የቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ እግዚኦ እል ነበር አልኩት። መሐል ላይ ስደርስ የመደበር መዶሻ ሁሉ የተማከረ ይመስል ዝም አለ፤ ግማሹን ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

አስገዶም ከሳቁ ብዛት መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ኣቦይ በለጠ፣ እኛ ያ ደወል ሲሰማን ልባችን ሊቆም ይደርሳል፣ አንተ ትሰግዳለህ? በል ለሚቀጥለው ጳጳሱን ጠርተን እናስቀድስልሃለን አለኝ። ንዋይ አልሳቀም። ስንት እግዚኦ አልክ ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ ሁለት አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ሰንሰለቴ የተበጠሰው ሦስተኛዋ ላይ ይሆናላ አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ኣደይ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ ብትሆን ዓይኗን አትጨፍንም ነበር አለኝ። እውነት ነው አልኩት።

እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ና አለኝ።

በእግራችን ወደ ስታዲየሙ ሄድን። ዘበኛው ያውቀዋል፤ በሩን ከፈተልን። ባዶውን ስታዲየም ሳይ፣ ጋሻው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የነበረበት ቦታ አልመስል አለኝ፤ ወፍ ብቻ ሣሩ ላይ ትለቅማለች። ንዋይ ከደወሉ እንጨት ጀምሮ በመንገዱ አስከተለኝ። እዚህ ደወሉ ተመታ አለኝ። ጥቂት ሄደን፣ ከመታጠፊያው አፍ ላይ፣ ሰንሰለቱ እዚህ ተበጠሰ፣ ግርማይ እዚህ አለፈኝ፣ ሲያልፈኝ ስሜን ጠራኝ አለ። ከዚያ ቆመ። እዚህ ጋ ጥዬው ልወጣ ነበር አለኝ።

ታዲያ ምነው አልተውከው አልኩት።

ወደ ፀሐዩ ደረጃ በአገጩ አመለከተኝ። ሰዉ ሁሉ ወደ አጥሩ ወርዶ ከላይ አንድ ነጭ ነጠላ ብቻ ቆሞ ነበር፤ አንተ መሆንህን አወቅኩ፤ አንገትህን ወደ እኔ ደፍተህ ነበር፤ እያየኝ ነው ብዬ ተሸከምኩት አለኝ።

እታለም፣ ከዚህ በላይ ልጽፍልሽ ብሞክር ብዕሩ እንቢ ይለኛል። ለዚህ ነው አንደኛ ወጣህ ስለው አንጀቱ የቆረጠው፤ ሁሉን አይቼ የማፌዝ መስሎታል። እኔም ያላየሁት አባቱ ሆኜ ብስክሌቱን አሸከምኩት። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ክንዴን ይዞ አነሣኝ፤ የቀረውን ዙር አብረን ጨረስን፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ እዚህ ነው ያወረድኩት አለኝ። ትከሻውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ብረቱ የበላው ቦታ ገና አልዳነም። ከደወሉ ጀምረህ እንደገና አሳየኝ አልኩት። አልደከመህም ወይ አለኝ። አልደከመኝም አልኩት፤ ሁለተኛ ዞርን።

ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ጨዋታ ቦታ መግባቴን ከተቀየምሽ በግልጽ ጻፊልኝ፤ ቁጣሽን እቀበላለሁ። ለተሰንበት ግን እንደማትቀየመኝ አሁን አውቃለሁ፤ ሂድ ያለችው እሷ መሆኗን አምኛለሁ።

ለአያ ተድላ በአክብሮት ሰላም በይልኝ፤ ዓይኑን ችላ እንዳይል። ለትንሿ ውቤ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጋሻው፣ እስከዚህ ሳይዘል ካነበበ፣ ምርቃቴ ይድረሰው። ሃብተማርያም ሳያውቅሽ ሰላም ይልሻል። ንዋይም የአክስቴን ጉልበት ሳምልኝ ብሎሻል፤ ይህን የነገረኝ ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ወደ ሥራው ሲወጣ ነው።

ወንድምሽ በለጠ
አስመራ፣ ግንቦት ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.